የሳይኮሎጂ ዋና ዋና አተያዮችና ሳይንሳዊ አስተሳሰብ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች ጄኔራል ሳይኮሎጂ የተባለውን ኮርስ ሲጀምሩ ቶሎ የሚገጥማቸው የሰዎችና የአስተምህሮዎች ስም ዝርዝር ነው፤ ብዙዎቹም ለፈተና ሸምድደውት ከፈተና በኋላ ይረሱታል። እዚህ የተሰበሰቡት ጥያቄዎች ከዝርዝሩ ጀርባ ያለውን ጉዳይ፣ ማለትም ስለ ሰው አእምሮ የተነገረ አንድ ነገር ትክክል መሆን አለመሆኑ በምን እንደሚታወቅ፣ የሚመለከቱ ናቸው። ዓመተ ምሕረት ተብሎ ካልተገለጸ በስተቀር ዓመታቱ የተጻፉት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

አእምሮ አይታይም፣ አይመዘንም። ታዲያ ሳይኮሎጂ እንዴት ሳይንስ ሊባል ይችላል?

አንድን የዕውቀት ዘርፍ ሳይንስ የሚያሰኘው የሚያጠናው ነገር በዐይን መታየቱ ሳይሆን፣ ስለዚያ ነገር የሚነገረው ሁሉ ሌላ ሰው ሊፈትነው በሚችል መንገድ መቅረቡ ነው። ኤሌክትሮንም በዐይን አይታይም። የሳይኮሎጂ ልደት አብዛኛውን ጊዜ የሚቆጠረው ቪልሄልም ቩንት በ1879 በጀርመኗ ላይፕሲግ ከተማ ቤተ ሙከራ ካቋቋመበት ጊዜ ጀምሮ ነው። በዚያ ቤተ ሙከራ ከተሠሩት ሥራዎች አንዱ፣ ሰው ድምፅ ሰምቶ ወይም ብርሃን አይቶ ምላሽ እስኪሰጥ የሚፈጅበትን ጊዜ በሴኮንድ ሽርፍራፊ መለካት ነበር፤ አእምሮ ባይታይም ሥራው የሚወስደው ጊዜ ይለካልና።

ጅምሩ ግን እንከን አልባ አልነበረም። የቩንት ተማሪ የነበረው ኤድዋርድ ቲችነር በአሜሪካ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ያስፋፋው አካሄድ የሠለጠኑ ሰዎች ወደ ውስጣቸው እየተመለከቱ የሚሰማቸውን እንዲዘግቡ የሚጠይቅ ነበር። በጀርመን ቩርዝቡርግ የነበሩ ተመራማሪዎች ምንም ዓይነት ምስል የማይከተለው ሐሳብ እንዳለ ዘገቡ፤ የቲችነር ወገን ደግሞ እንዲህ ያለ ሐሳብ የለም አለ። የእያንዳንዱን ሰው ውስጥ የሚያየው ባለቤቱ ብቻ ስለሆነ በሁለቱ መካከል ገብቶ የሚዳኝ ማስረጃ አልተገኘም፣ ክርክሩም ሳይፈታ ቀረ። ጆን ዋትሰን በ1913 ሳይኮሎጂ ማንም ሊያየውና ሊቆጥረው የሚችለውን ባሕርይ ብቻ ማጥናት አለበት ብሎ፣ ባሕርያዊነት የተባለውን አተያይ ይዞ ሲነሣ ብዙ ሰሚ ያገኘበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል።

ዋና ዋናዎቹ አተያዮች የትኞቹ ናቸው? እርስ በርሳቸው የሚጋጩ ከሆነስ ለምን ሁሉንም እንማራለን?

ባዮሎጂያዊ፣ ባሕርያዊ፣ ኮግኒቲቭ፣ ሳይኮዳይናሚክ፣ ሰብአዊ እና ማኅበረ ባህላዊ ተብለው ይከፈላሉ፤ አንዳንድ መጻሕፍት ዝግመተ ለውጣዊውን ለብቻው ይቆጥሩታል። ነገሩን በስም ከመዘርዘር ይልቅ በአንድ ጉዳይ ላይ ማየቱ ይሻላል። ቤቱ ሲያጠና ሁሉን የሚያውቅ፣ ፈተና ላይ ሲቀመጥ ግን እጁ የሚንቀጠቀጥና ያጠናው ሁሉ የሚጠፋበትን የ12ኛ ክፍል ተማሪ እንውሰድ።

ባዮሎጂያዊው አተያይ የልቡን ምት፣ አድሬናሊንና ኮርቲሶል የተባሉትን ሆርሞኖች፣ አሚግዳላ የተባለውን የአንጎል ክፍል ይመረምራል። ባሕርያዊው፣ ተማሪው ከዚህ በፊት በፈተና ምክንያት ተገርፎ ወይም ተዋርዶ እንደሆነ፣ ከፈተና በሸሸ ቁጥር የሚያገኘው እፎይታም ሽሽቱን እያጠናከረበት እንደሆነ ይጠይቃል። ኮግኒቲቩ በዚያች ሰዓት ለራሱ የሚነግረው ነገር ምን እንደሆነና ጭንቀቱ ለማሰቢያ የሚያስፈልገውን ውስን የማስታወስ አቅም ምን ያህል እንደሚሻማው ያያል። ሳይኮዳይናሚኩ ከአባቱ ወይም ከእናቱ ጋር ያለውን ያልተፈታ ግንኙነት ይፈልጋል፤ ሰብአዊው ደግሞ ልጁ የሚወደደው ውጤት ሲያመጣ ብቻ እንደሆነ ያምን እንደሆነ ይጠይቃል። ማኅበረ ባህላዊው ከልጁ ወጣ ብሎ ፈተናው በኅብረተሰቡ ውስጥ ያለውን ቦታ ይመለከታል፤ በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን ከወሰዱት ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸውን የሰማ ቤተሰብና ልጅ በምን ዓይነት ስሜት ለቀጣዩ ፈተና እንደሚዘጋጁ መገመት አያዳግትም።

እነዚህ ማብራሪያዎች በአብዛኛው አይጋጩም፤ የሚመልሱት ጥያቄ የተለያየ ነው። የልብ ምት መፍጠኑ የቤተሰቡን ግፊት ሐሰት አያደርገውም። ግጭት የሚመጣው ሁለት አተያዮች ስለ አንድ ነገር የተለያየ ትንቢት ሲናገሩ ነው፤ ያን ጊዜ የሚያስፈልገው የትኛው ደስ እንደሚል መምረጥ ሳይሆን መፈተን ነው።

የፍሮይድ ሐሳቦች ዛሬም ተቀባይነት አላቸው?

በከፊል። ሲግመንድ ፍሮይድ (1856–1939) ሥራውን በቪየና የጀመረ የነርቭ ሐኪም ነበር። ከአእምሯችን ሥራ ብዙው እኛ ሳናውቀው እንደሚካሄድ፣ የልጅነት ዘመን ግንኙነት በኋለኛው ሕይወት ላይ ጥላውን እንደሚጥል፣ እንዲሁም ንግግር ራሱ ሕክምና ሊሆን እንደሚችል ያስተማረው ትምህርት በሰፊው ሲታይ ጸንቷል፤ ስለ ሕፃናት የወሲብ እድገት ደረጃዎችና ስለ ሕልም ፍቺ የተናገረው አብዛኛው ዝርዝር ግን የማስረጃ ድጋፍ አላገኘም።

ትልቁ ትችት የመጣው ከፈላስፋው ካርል ፖፐር ነው። ፖፐር በ1919 የፀሐይ ግርዶሽ ወቅት የአንስታይን ንድፈ ሐሳብ እንዴት እንደተፈተነ ልብ ብሎ ነበር፤ የከዋክብት ብርሃን በፀሐይ አጠገብ ሲያልፍ በተተነበየው መጠን ባይታጠፍ ኖሮ ንድፈ ሐሳቡ ይወድቅ ነበር። የፍሮይድ ተከታዮች ግን አንድ ሰው ልጅን ከውኃ ቢያወጣም፣ ቢያሰጥምም ሁለቱንም በዚያው ንድፈ ሐሳብ ሊያብራሩ ይችሉ ነበር። ሁሉን የሚያብራራ ንድፈ ሐሳብ ምንም ስለማይከለክል ሊፈተን አይችልም።

ይሁንና ታሪኩ በዚህ አያበቃም፤ እንደ እኔ እምነት እጅግ አስተማሪው ክፍል ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው። አሮን ቤክ የተባለው አሜሪካዊ የሥነ አእምሮ ሐኪም በፍሮይድ ትምህርት የሠለጠነ ሰው ነበር። በዚያ ትምህርት መሠረት ድብርት ወደ ራስ የዞረ ቁጣ ነው፤ ይህ ከሆነ፣ ብሎ አሰበ ቤክ፣ በድብርት የታመሙ ሰዎች ሕልም ከሌሎች ሰዎች ሕልም ይልቅ በጠብና በቁጣ የተሞላ መሆን አለበት። የፈተነው የሚያምንበትን ትምህርት ለማጽናት ነበር። ያገኘው ግን ሌላ ሆነ፤ በሕልማቸው የበዛው ቁጣ ሳይሆን ማጣት፣ መሸነፍና መናቅ ነበር፣ ይህም ቀን ሲነቁ ስለ ራሳቸው ከሚያስቡት ጋር አንድ ዓይነት ነበር። ቤክ ውጤቱን ትምህርቱ እንዲያሟላለት አላጣመመውም። ከጊዜ በኋላ በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ያዳበረው ኮግኒቲቭ ሕክምና ከዚህ ግኝት የተነሣ ሲሆን፣ ዛሬ ለድብርትና ለጭንቀት በስፋት ከተፈተኑት የንግግር ሕክምናዎች ቀዳሚው ነው። እንግዲህ የፍሮይድ ሐሳብ ፈጽሞ ሊፈተን አይችልም ማለት ልክ አይደለም፤ የፈተነው ሰው ነበርና።

ባሕርያዊነት ጊዜው አልፎበታል የሚባለው እውነት ነው?

እንደ ሙሉ ማብራሪያ አልፎበታል፣ እንደ መሣሪያ ግን አላለፈበትም። ኢቫን ፓቭሎቭ በ1904 ኖቤል የተሸለመው በውሾች የምግብ መፈጨት ላይ ባደረገው ጥናት ነበር፤ ውሾቹ ምግብ ገና ሳይቀርብላቸው ምራቃቸው መፍሰሱን ተከታትሎ የደረሰበት ግኝት ግን ከሽልማቱ ይልቅ ስሙን አስጠራው። ሜሪ ከቨር ጆንስ በ1924 ጥንቸል የሚፈራ ሕፃን ምግብ እየበላ ጥንቸሏ ቀስ በቀስ እንድትቀርበው በማድረግ ፍርሃቱ እንደሚጠፋ አሳየች። ዛሬ ፎቢያ (ከልክ ያለፈ ፍርሃት) ያለባቸውን ሰዎች ለማከም የሚሠራበት ዘዴ የዚህ ዘር ነው። ባሕርያዊነት የተሸነፈው ቋንቋን፣ ዕቅድንና ማስታወስን በማነቃቂያና በምላሽ ብቻ ማብራራት ሲያቅተው ነው፤ የቋንቋ ሊቁ ኖም ቾምስኪ በ1959 በታዋቂው ባሕርያዊ ሳይኮሎጂስት በቢ. ኤፍ. ስኪነር የቋንቋ መጽሐፍ ላይ የጻፈው ሂስ የዚህ ለውጥ አንዱ ምልክት ተደርጎ ይጠቀሳል።

የማስሎ የፍላጎቶች ፒራሚድ የተረጋገጠ ነው?

አይደለም፣ ቢያንስ እንደሚነገረው ሆኖ አይደለም። ፒራሚዱ የሰውን ፍላጎቶች ከምግብና ከደኅንነት ጀምሮ ወደ ላይ በደረጃ የሚያስቀምጥ ሥዕል ነው፤ አሜሪካዊው ሳይኮሎጂስት አብርሃም ማስሎ ግን ሐሳቡን ባቀረበበት የ1943 ጽሑፉ ውስጥ ፒራሚድ አልሣለም። ሰዎች የተለያዩ ፍላጎቶች እንዳሏቸው ጥናቶች ይደግፋሉ፤ የታችኛው ሳይሟላ የላይኛው አይነሣም የሚለውን ጥብቅ ቅደም ተከተል ግን አይደግፉም። ተርቦም የሚጸልይ፣ ተቸግሮም ግጥም የሚጽፍ ሰው ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከሰብአዊው ወገን ለሳይንሱ ይበልጥ የጠቀመው በእኔ ግምት ካርል ሮጀርስ ነው፤ የሕክምና ንግግሮችን በደንበኞቹ ፈቃድ በድምፅ እየቀዳ ለምርምር በማቅረቡ፣ በዝግ በር የሚካሄደው ነገር ሌሎች ሊመረምሩት የሚችሉት ሆነ።

ሳይንሳዊ አስተሳሰብ በተግባር ምን ይመስላል?

ከብዙ ትርጓሜ አንድ የፈረስ ታሪክ ይበልጥ ያስረዳል። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በበርሊን ቪልሄልም ፎን ኦስተን የተባለ ጡረታ የወጣ የሒሳብ መምህር ሃንስ የሚባል ፈረስ ነበረው። ሃንስ ሲጠየቅ ይደምራል፣ ይቀንሳል፣ ቀን ይቆጥራል፤ መልሱንም በሰኮናው መሬቱን እየመታ ይናገራል ተባለ። በ1904 በካርል ሽቱምፍ የተመራ የባለሙያዎች ጉባኤ ፈረሱን መርምሮ ማታለል እንደሌለበት አስታወቀ። እውነትም ማታለል አልነበረበትም፤ ባለቤቱ ከልቡ ያምን ነበር፣ እሱ በሌለበት ሌሎች ሰዎች ሲጠይቁትም ፈረሱ ይመልስ ነበር። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሲደርስ አምኖ ይቆማል።

የሽቱምፍ ተማሪ ኦስካር ፕፉንግስት ግን አልቆመም። ሁኔታዎቹን አንድ በአንድ እየለዋወጠ ፈተነ። ጠያቂው ራሱ መልሱን የማያውቀው ጥያቄ ሲቀርብ ሃንስ አልቻለም። ጠያቂውን እንዳያይ ሲጋረድም አልቻለም። ስለዚህ ፈረሱ የሚያነበው ቁጥሩን ሳይሆን ሰውየውን ነበር። ፕፉንግስት ጠያቂዎቹን በትኩረት ሲመለከት፣ ጥያቄውን ጨርሰው ወደ ሰኮናው ሲያዩ በጥቂቱ ወደ ፊት ዘንበል እንደሚሉ፣ ቁጥሩ ሲደርስ ደግሞ ራሳቸውን ለማየት በሚያዳግት መጠን ቀና እንደሚያደርጉ ደረሰበት፤ ሃንስም ያን ጊዜ መምታቱን ያቆማል። ይህን የሚያደርጉት ሳያውቁት ነበር፤ ፕፉንግስት ራሱም ምስጢሩን ካወቀ በኋላ እንኳ እንቅስቃሴውን ሙሉ በሙሉ መግታት አልቻለም። ግኝቱ በ1907 ታተመ። ፎን ኦስተን ግን አልተቀበለውም፤ ፈረሱንም ማሳየቱን ቀጠለ።

ቅንነት ከስህተት አያድንም። ለዚህም ነው ዛሬ መድኃኒት ሲፈተን ሐኪሙም ሆነ ታካሚው እውነተኛውን ክኒን ማን እንደወሰደ እንዳያውቁ የሚደረገው። መላምት ማውጣት፣ ከመላምቱ ምን እንደሚጠበቅ አስቀድሞ መናገር፣ ሌላ ማብራሪያ የሚሆኑትን ምክንያቶች እያገለሉ መፈተን የሚባለው የመማሪያ መጽሐፍ ቅደም ተከተል ሁሉ በዚህ በረት ውስጥ ተፈጽሟል።

ሁለት ነገሮች አብረው ከታዩ አንዱ የሌላው መንስኤ አይደለም?

ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል። ለምሳሌ ጫት ከሚቅሙ ሰዎች መካከል የአእምሮ ጭንቀት በብዛት ተገኘ ቢባል ቢያንስ ሦስት ማብራሪያዎች አሉ። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የተባለው ንጥረ ነገር በአንጎል ላይ ከአምፌታሚን ጋር የሚመሳሰል ተጽዕኖ ስላለው ጭንቀቱን ያመጣው ጫቱ ሊሆን ይችላል። ወይም የተጨነቀ ሰው ጭንቀቱን ለማስታገስ ወደ ጫት ሄዶ ይሆናል። ወይም ደግሞ ሥራ ማጣትና እንቅልፍ ማጣት ሁለቱንም በአንድነት አምጥተው ይሆናል። መንስኤን ለመለየት ዋነኛው መንገድ ሰዎችን በዕጣ በሁለት ቡድን ከፍሎ አንዱ ቡድን ብቻ የሚፈተነውን ነገር እንዲያገኝ ማድረግ ነው፤ ነገር ግን ጤነኛ ሰዎችን በዕጣ መርጦ ለዓመታት ጫት ቃሙ ማለት ከሥነ ምግባር ውጭ ስለሆነ፣ እንዲህ ባለ ጉዳይ ላይ ያለው አማራጭ ሰዎችን ገና ሳይጀምሩ መዝግቦ ለረጅም ጊዜ መከታተል ነው። ከጫቱና ከጭንቀቱ የትኛው እንደቀደመ ያን ጊዜ ይታያል።

በራሴ ላይ የደረሰውንና በዐይኔ ያየሁትን ማመን ምን ክፋት አለው?

ክፋት የለውም፣ ነገር ግን ዐይን ሲመርጥ አይነግረንም። ፒተር ዌሰን በ1960 ባቀረበው ጥናት ለተሳታፊዎች 2፣ 4፣ 6 የሚሉትን ቁጥሮች ሰጥቶ፣ ሌሎች ሦስት ሦስት ቁጥሮችን እየሞከሩ ቁጥሮቹ የሚከተሉትን ደንብ እንዲያገኙ ጠየቃቸው። ብዙዎቹ ደንቡ «በሁለት እየጨመሩ መሄድ» ነው ብለው ስለገመቱ 8፣ 10፣ 12 ዓይነት ቁጥሮችን ደጋግመው ሞከሩ፤ ልክ ነው ሲባሉም እርግጠኛ ሆነው መለሱ። ደንቡ ግን ማንኛውም እያደገ የሚሄድ ቁጥር ነበር። ግምታቸውን ሊያፈርስ የሚችል ሙከራ፣ ለምሳሌ 1፣ 7፣ 30፣ ለማድረግ ያሰቡት ጥቂቶች ናቸው።

ትዝታም እንዲሁ ነው። ኤልሳቤጥ ሎፍተስና ጆን ፓልመር በ1974 የመኪና ግጭት ፊልም ካሳዩ በኋላ ስለ ፍጥነቱ ሲጠይቁ፣ ጥያቄው ውስጥ የገባው ግስ ጠንከር ሲል ተመልካቾቹ የገመቱት ፍጥነት ከፍ አለ፤ ከሳምንት በኋላም በፊልሙ ውስጥ ያልነበረ የተሰበረ መስታወት አይተናል ያሉት በዚያ ቡድን ውስጥ በዝተው ተገኙ።

ሕክምና ከጀመርኩ በኋላ ተሻለኝ። ይህ ማስረጃ አይበቃም?

ለእርስዎ መሻሉ እውነት ነው፤ ያሻለዎት ያ ሕክምና መሆኑን ግን ብቻውን አያረጋግጥም። ድብርትና ጭንቀት ከፍ ዝቅ እያሉ የሚሄዱ ሕመሞች ናቸው፤ ሰው ወደ ሐኪም፣ ወደ አማካሪ ወይም ወደ ጠበል የሚሄደው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሕመሙ እጅግ በጠናበት ሰሞን ነው፣ ከዚያ በኋላ ምንም ባይደረግ እንኳ በተወሰነ መጠን ዝቅ ማለቱ የሚጠበቅ ነው። በዚያ ላይ ተስፋ ማድረግ፣ ከቤት መውጣት፣ የሚያስብ ሰው ማግኘት የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። ተመራማሪዎች የማነጻጸሪያ ቡድን የሚያስፈልጋቸው እነዚህን ሁሉ ለመለየት ነው። ይህ ስለ እምነት የሚሰጥ ፍርድ አይደለም፤ ሳይንስ ሊናገር የሚችለው ሊነጻጸር ስለሚችለው ብቻ ነው። የታዘዘን መድኃኒት ሐኪምን ሳያማክሩ ማቋረጥ ግን ከየትኛውም ወገን ሆነው ቢያዩት አደገኛ ነው።

ብዙ የሳይኮሎጂ ጥናቶች ሲደገሙ ወድቀዋል ይባላል። ታዲያ ለምን እናምናለን?

የተባለው እውነት ነው። በ2015 የታተመ ሰፊ የትብብር ሥራ 100 ጥናቶችን ደግሞ ሲሠራ፣ በመጀመሪያው ጊዜ 97 በመቶዎቹ ስታቲስቲካዊ ትርጉም ያለው፣ ማለትም በአጋጣሚ ብቻ የመጣ የማይመስል፣ ውጤት አሳይተው የነበረ ሲሆን በድጋሚው ግን ይህን ያሳዩት 36 በመቶዎቹ ብቻ ነበሩ። ጥቂት ተሳታፊዎችን መጠቀም፣ መረጃውን ደስ የሚል ነገር እስኪወጣ ድረስ ማገላበጥ፣ መጽሔቶችም አዲስና አስገራሚ ነገር ብቻ ማተማቸው ከምክንያቶቹ መካከል ናቸው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተመራማሪዎች መላምታቸውንና የትንተና ዕቅዳቸውን መረጃ ከመሰብሰባቸው በፊት ያስመዘግባሉ። ጉድለቱን ቆፍረው ያወጡትና ቁጥሩን ያሳተሙት የዘርፉ ሰዎች ራሳቸው መሆናቸውን ልብ ማለት ይገባል፤ በግል ማበልጸጊያ ሥልጠናዎች ገበያ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም።

በአሜሪካ ተማሪዎች ላይ የተገኘ ውጤት ለእኛ ይሠራል?

ሳይፈተን አይታወቅም። ጆሴፍ ሄንሪክና ባልደረቦቹ በ2010 እንዳሳዩት፣ ስለ «ሰው» የሚናገሩት አብዛኞቹ ጥናቶች የተሠሩት በምዕራባውያን፣ በተማሩና በበለጸጉ ሰዎች ላይ ሲሆን እነዚህ ሰዎች በብዙ መለኪያ ከዓለም ሕዝብ ለየት ያሉ ናቸው።

ወደ እኛ የሚቀርበው ምሳሌ ከእስራኤል ነው። ከኢትዮጵያ የሄዱ ቤተ እስራኤላውያን ልጆች በተለመደው የአእምሮ ፈተና ሲለኩ እዚያ ከተወለዱት ልጆች ያነሰ ውጤት ያመጡ ነበር፤ እንዲህ ያለ ውጤት ልጅን ልዩ ክፍል ሊያስገባ ይችላል። በ1990ዎቹ ዴቪድ ጹሪኤልና ሌሎች ተመራማሪዎች ግን ሌላ ዘዴ ተጠቀሙ፤ ልጆቹን ፈተኑ፣ የጥያቄዎቹን ጠባይና የአሠራሩን ስልት ለአጭር ጊዜ አስተማሩ፣ ከዚያ እንደገና ፈተኑ። ልዩነቱ በእጅጉ ጠበበ። የመጀመሪያው ፈተና የለካው ልጆቹ ከዚያ ቀን በፊት ያጋጠማቸውንና ያላጋጠማቸውን እንጂ የመማር ችሎታቸውን አልነበረም። የዘዴው ሥር ሌቭ ቪጎትስኪ እና ሩቨን ፎየርስታይን ናቸው፤ ቪጎትስኪ ልጅ ብቻውን የሚችለውንና በሰው እርዳታ የሚችለውን ለይተን እንድናይ ያስተማረ፣ የማኅበረ ባህላዊው አተያይ አባት ተብሎ የሚጠቀስ ሰው ነው።

ሳይኮሎጂስትና ሳይካትሪስት ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ሳይካትሪስት በመጀመሪያ የሕክምና ዶክተር ሆኖ ቀጥሎ በአእምሮ ሕክምና ስፔሻላይዝ ያደረገ ነው፤ መድኃኒት ያዛል። ሳይኮሎጂስት ሥልጠናው ባሕርይንና አስተሳሰብን በማጥናት፣ በመመዘንና በንግግር ሕክምና ላይ ያተኩራል፤ በኢትዮጵያ መድኃኒት አያዝም። ባለሙያው የየትኛው አተያይ ተከታይ ነው ብሎ ከመጨነቅ ይልቅ፣ ለዚህ ሕመም ይህን ሕክምና የመረጡት በምን ማስረጃ ነው፣ ካልሠራስ በስንት ጊዜ ውስጥ እናውቃለን ብሎ መጠየቅ የታካሚ መብት ነው።